ያልተወጠረ ቆዳ ለፀሐይ አይሰጥም፦ የነሐሴ መጻሕፍት የማዳን ሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ 4፣ ሌሊት

የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ደወለልኝ። "እትዬ፣ ውሃ ገብቷል" ብሎ ዝም አለ። ከተማችን ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አላባራም። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኗል፤ ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ኮርኒሱ ረጥቦ ወርዷል፣ ሁለት መደርደሪያ ላይ ተጭኗል። ወለሉ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል።

ዘበኛው ባትሪ ይዞ ሊገባ ሲል ያዝኩት። የኮምፒውተሩ ገመድ ውሃው ውስጥ ተኝቷል። መጀመሪያ ቆጣሪው ይጥፋ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሮጦ የገባ ሰው መጽሐፍ አያድንም፤ ራሱ የሚድን ሰው ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ከጠፋ በኋላ በስልኬ ሁሉንም እንዳለ ፎቶ አነሳሁ፤ የትኛው መጽሐፍ የት እንደነበረ ነገ ማንም አያስታውስም።

ነሐሴ 4፣ ጠዋት

11 ሰው ሆነናል። ሁለት መምህራን፣ አንድ አናጢ፣ ቡና የምትሸጥ እህታችን፣ የቀሩት ክረምት ሆኖ ወደ ቤት የተመለሱ ተማሪዎች ናቸው። ከዚህ በፊት አብረን የተለማመድነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያኔ አሮጌ የስልክ ማውጫ በባልዲ ውሃ ነክረን ነበር። ያቺ አንድ ቀን ዛሬ ጠቀመችን።

ለሁሉም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ወረቀት ከረጠበ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ይነሳል፤ በክረምት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ አይዘገይም። ስለዚህ እንፍጠን፤ ግን እጃችን ይረጋጋ። የራሰ መጽሐፍ አይከፈትም። አይጨመቅም። ከላይ በጀርባው ተይዞ አይሳብም፤ ውሃ የጠጣ መጽሐፍ ክብደቱ ሌላ ነው፣ ጀርባው ተገንጥሎ እጅ ላይ ይቀራል። ከሥር በሁለት እጅ ታቅፎ ይነሳል፣ እንደ ሕፃን።

መያዣ አጣን። የቡና ሻጯ እህታችን ሄዳ ከግሮሰሪው 30 ባዶ የለስላሳ ካሳ አስመጣች። ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም፤ ውሃውን ያንጠፈጥፋል፣ ለሁለት ሰው ሸክም ይመቻል፣ ይደራረባል። መጻሕፍቱን ጀርባቸውን ወደ ታች አድርገን ሳናጣብቅ ደረደርናቸው። በየካሳው ላይ የመደርደሪያውን ቁጥር በእርሳስ ጽፈን አሰርን። በእርሳስ ነው፤ እስክርቢቶ ይፈሳል።

ሦስት ቦታ ከፈልናቸው፦ በውሃ የራሱ፣ ርጥበት የነካቸው፣ ደረቆች። ደረቆቹ ከክፍሉ ወጥተው ሌላ ቤት ገቡ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፤ የራሰው ላይ ሲረባረብ ደረቁ እዚያው ክፍል ውስጥ እርጥበት ሲጠጣ ይውላል።

ነሐሴ 4፣ ማታ

የራሱት 412 ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረቅ አንችልም። ቦታም እጅም የለንም። መፍትሔው ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ የሆነ መጽሐፍ ላይ ሻጋታ አያድግም፤ ቀለሙም አይሄድም። ወር ሁለት ወር ይቆያል፣ እኛም ተራ በተራ እያወጣን እናደርቃለን። ግን በዚህች ከተማ ባዶ ፍሪዘር ከየት ይመጣል?

ፍልሰታ አዳነን። ሥጋ ቤቱ ለጾም ተዘግቷል፣ ትልቁ ፍሪዘር ባዶውን ቆሟል። ባለቤቱን ቤቱ ሄጄ ለመንኩት። ለመንኩት ልበል እንጂ ገና ሳልጨርስ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። "እስከ ጾም ፍቺ ነው፣ ከዚያ ግን እንጀራዬ ነው" አለኝ። ፍሪዘሩን እሱና ሚስቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲያጥቡ አመሹ። ነሐሴ 16 ባዶውን መመለስ አለብን።

ማን ይግባ ለሚለው ጥያቄ ብዙ አልተከራከርንም። የተጠረዙት የነጋሪት ጋዜጣ ቅጾች ገቡ። በእጅ የተጻፉት የድሮ መዝገቦች ገቡ። ከዚያ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተሙት። ይህ ወረቀት ሲረጥብ ላዩ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ተጣብቆ ከደረቀ ገጾቹ አንድ ድንጋይ ይሆናሉ፣ ማንም አይፈታቸውም። እያንዳንዱን በፌስታል ጠቅልለን፣ ቁጥር ሰጥተን 63 መጻሕፍት አስገባን።

ነሐሴ 5

የቀሩትን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ማድረቅ ጀመርን። ሥራው እንዲህ ነው፦ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ገጹ በትንሹ ይገለጣል፣ በየ20 ቅጠሉ ሶፍት ይገባል። ሶፍቱ ሲረጥብ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ሶፍት ከተበዛበት መጽሐፉ ያብጣል፣ ጀርባው ይሰነጠቃል። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ዙር። አዳራሹን የሚዞረው ሰው ከጫፍ ጫፍ ሲደርስ መጀመሪያው ጋ ያለው እንደገና ደርሷል፤ ማረፊያ የለውም።

አንድ አባት ቤታቸው ያጠራቀሙትን ጋዜጣ በሙሉ ተሸክመው መጡ። አመሰገንን፤ ባለ ቀለሙን ግን መጠቀም አልቻልንም፣ ቀለሙን መጽሐፉ ላይ ይለቃል። ያልታተመ ብትን ወረቀት ነው የሚሻለው፤ ከማተሚያ ቤት ቁራጭ አገኘን። ጋዜጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አነጠፍንበት፣ እሳቸውም ደስ አላቸው።

6 ቬንትሌተር አለን። ነፋሱን ወደ መጻሕፍቱ አናዞርም፣ ወደ ግድግዳው ነው። የሚፈለገው አየሩ እንዲንቀሳቀስ እንጂ ገጹ እንዲርገበገብ አይደለም። የእርጥበት መለኪያው ጠዋት 82 ከመቶ አሳየ። ከ65 በታች ካልወረደ ሻጋታው እየጠበቀን ነው።

ነሐሴ 6

ዛሬ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ከደብሩ ዲያቆን ተልኮ መጣ። ያች ሌሊት የጣለችው ዝናብ ዕቃ ቤቱንም አግኝታዋለች፤ ያወቁት ግን ትናንት ማታ ነው። በሱባኤው ምክንያት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው የሚወጣው፣ ካህናቱም ፋታ አልነበራቸውም። እኔና ሁለት ልጆች ሮጥን። እኔ ዕቃ ቤቱ አልገባም፤ ከደጁ ቆሜ ዲያቆናቱ ውስጥ ያለውን ይነግሩኛል፣ ምን እንደሚያደርጉ እነግራቸዋለሁ። ቄሰ ገበዙ ሁሉንም ፈቀዱ፤ መጻሕፍቱን የሚነኩት ግን እነሱ ናቸው፣ ልክም ነው።

አንድ ነገር ገረመኝ። በየማህደራቸው፣ በየቆዳ ከረጢታቸው ማለት ነው፣ ሆነው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት መጻሕፍት ዳኑ። ውሃው ማህደሩን አርጥቦ በቆዳው ላይ ወርዶ ሄዷል፤ ውስጡን ሲያዩት ደረቅ ነው። የጠፉት በቅርብ ጊዜ "ለጥንቃቄ" ተብሎ በተገዛው የብረት ሣጥን ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጡት ናቸው። ሣጥኑ ውሃውን አስገባ፣ ማስወጣት ግን አልቻለም። አባቶቻችን መጽሐፍ የሚሰቅሉት ቦታ ስለጠበባቸው አልነበረም።

በሣጥኑ 5 የብራና መጻሕፍት ነበሩ። እኔ ደጁ ላይ ስለ ሣጥኑ ስጠይቅ ከኋላዬ ፀሐይ ወጣች። ስድስት ቀን ያላየናት ፀሐይ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። አንድ አዛውንት ምንጣፍ አምጥተው ግቢው መሀል አነጠፉ፤ ሁለት ዲያቆናት መጻሕፍቱን አቅፈው ወጡ። ሊያሰጧቸው ነው።

እኔ ጮህኩ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ መጮኽ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ አላስቻለኝም።

ምክንያቱም አይቼዋለሁ። የአያቴ ዳዊት ነበረን። ከዓመታት በፊት ቤታችን አፍስሶ ረጠበ፣ እኔም በገዛ እጄ ፀሐይ ላይ ዘርግቼው ወደ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ቅጠሉ ተኮማትሯል፣ ጫፉ እንደ ቀንድ ደርቋል፣ ጽሑፉ በእጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። አያቴ ምንም አልተናገሩኝም። ይዘውት ቁጭ አሉ። ወደዚህ ሥራ የገባሁት በዚያች ቀን ነው።

"ልጄ፣ ፀሐይ እግዚአብሔር የሰጠን ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ አዛውንቱ። ስለ ብራና የተማርኩትን ነገርኳቸው። ብራና ቆዳ ነው፤ አሮጌ ቆዳ እርጥብ ሳለ ሙቀት ካገኘው ይሸበሸባል፣ አንዴ ከተሸበሸበ አይመለስም። አላመኑኝም። በእሳቸው ዕድሜ የኔ ቃል ምን ሊሆን ነው።

ያን ጊዜ የኔታ መጡ። ቁም ጸሐፊ ናቸው። ብራናውንም ራሳቸው ፍቀው ነው የሚጽፉት። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። አንዱን መጽሐፍ ከዲያቆኑ እጅ ሳይቀበሉ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ዳሰሱት። ቀጥለው ወደ አዛውንቱ ዞሩ።

"እኔ ብራና ፀሐይ ላይ አወጣ የለም ወይ?" አሏቸው።

"ያወጣሉ እንጂ፣ የኔታ።"

"እንዴት አድርጌ?"

"ወጥረው።"

"እህ። ያልተወጠረ ቆዳ ለፀሐይ አይሰጥም። አስገቡት።"

አለቀ። ምንጣፉ ተጠቀለለ። እኔ በመጻሕፍትና በሥልጠና ስለፋሁበት ነገር የኔታ የተናገሩት አምስት ቃል ነው። በውጭ አገር ያሉ የጥገና ባለሙያዎች የረጠበን የብራና ቅጠል ጫፍ ጫፉን ይዘው፣ በቀስታ ወጥረው ነው የሚያደርቁት። የኔታ ይህን ከማንም አልሰሙም፤ ፍየል ሲፍቁ ኖረው ነው ያወቁት።

ነሐሴ 7

መጻሕፍቱን በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ አስቀመጥናቸው፤ ጥላ ነው፣ ነፋስ ይገባዋል። ከአምስቱ አራቱ ጠርዛቸው ብቻ ነው የነካው። አምስተኛው ዳዊት ነው፣ ሣጥኑ ግርጌ የነበረው።

ይህን ዳዊት ለሦስት ሰዓት ስናየው ዋልን። ሁለቱም ገበታ፣ የፊቱም የኋላውም ሽፋን፣ እንጨት ነው፣ አንዱ ስንጥቅ አለበት፣ ስንጥቁ በጅማት ተሰፍቷል፤ የድሮ ሰው እጅ ነው። የገበታው ድጉስ፣ ያጌጠው የቆዳ ልባሱ፣ ረጥቦ ተነስቷል። ጥራዞቹ አብጠው መጽሐፉ አልዘጋም ብሏል፣ እንደ ተከፈተ አፍ። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የተሠራ ስለሆነ ውሃው አላሟሟውም። ግን ብራናው ላይ ነው የተቀመጠው፤ በጨርቅ ብናብሰው ተላጦ ይነሳል። ቀዩ ደካማ ነው። ቅዱሱ ስም በቀይ በተጻፈበት ሁሉ ትይዩው ገጽ ላይ ሐመር ቀይ ጥላ ታትሟል፣ ተገልብጦ።

የኔታ እየመሩን፣ ዲያቆኑ እየነካ፣ እኔ እየጻፍኩ ሠራን። የተጠረዘውን ክፍል አልፈታነውም። በየጥራዙ መካከል ብቻ ንጹሕ ደረቅ ነጠላ ቁራጭ አስገባን፣ በላዩ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ቀለል ያለ ክብደት። ጨርቁ በየሰዓቱ ይቀየራል። ከስፌት የወጡ 4 ቅጠሎች ነበሩ። እነሱን የኔታ በራሳቸው መንገድ ያዟቸው፦ ጫፍ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በጨርቁ ላይ ክር አስረው፣ ክሩን በትንሽ የእንጨት ክፈፍ ላይ ላላ አድርገው ወጠሩ። ክፈፉን አናጢያችን በግማሽ ሰዓት ሠራው። ቅጠሉ ሲደርቅ ክሩ ሲሳብ ያላሉታል፣ ሲላላ ያጠብቁታል። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስተው እንዳዩት ጠዋት ሰማሁ።

ብራና ፍሪዘር አላስገባንም።

ነሐሴ 8

ሙሉ ቀን መብራት የለም። ቬንትሌተሮቹ ቆሙ። መስኮት ሁሉ ከፍተን በካርቶን ስናራግብ ዋልን።

ነሐሴ 9

የፈራነው ደረሰ። በአዳራሹ ጥግ 9 መጻሕፍት ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ታየ። አንዲት ልጅ በእጇ ልትጠርገው ስትል ያዝኳት። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይዳመጣል፣ ይበተናል፣ ሳንባም ይገባል። ማስክ አድርገን፣ ለብቻቸው በፌስታል አሽገን ፍሪዘሩ ውስጥ አስገባናቸው። እዚያ አይሞትም፣ ይተኛል እንጂ፤ በኋላ ደርቆ ዱቄት ሲሆን ውጭ፣ በለስላሳ ብሩሽ ነው የሚነሳው። አስም ያለበት አንድ ልጅ ነበረን፣ ከአዳራሹ አውጥተን መዝገብ እንዲይዝ አደረግነው። የተከፋ መሰለኝ። ግን መዝገቡን እንደ እሱ አጥርቶ የያዘ የለም።

ነሐሴ 11፣ ማታ

ሰው ደክሟል። ሰባት ቀን ሆነ። ንፍሮና ሻይ ይዘን ቁጭ ብለን ሳለ አንደኛው ልጅ "ይሄ ሁሉ ልፋት ለውጥ ያመጣል?" አለኝ። ቅር አላለኝም፣ ይጠየቃል።

የፍሎሬንስን ነገርኳቸው። በ1959 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአርኖ ወንዝ ሞልቶ የጣሊያኗን ከተማ ሲያጥለቀልቅ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷ በጭቃ ተሞላ። ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች ተሰልፈው መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ አወጡት። የጭቃ መላእክት ብለው ጠሯቸው። ለማድረቂያ የትምባሆ መጋዘን ሳይቀር ተጠቅመዋል። ዛሬ ስለ ረጠበ መጽሐፍ ከምናውቀው ብዙው ከዚያ ጎርፍ የተገኘ ነው። የኬፕ ታውንንም ነገርኳቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የሰደድ እሳት ከተራራው ወርዶ የዩኒቨርሲቲውን የጃገር ቤተ መጻሕፍት አቃጠለ። ምድር ቤቱን ደግሞ እሳቱን ለማጥፋት የፈሰሰው ውሃ አጥለቀለቀው። እዚያም በጎ ፈቃደኞች ሳጥን በሳጥን አወጡ፣ የራሰውን በማቀዝቀዣ ኮንቴነር አኖሩ።

"እነሱም የሥጋ ቤት ፍሪዘር ነበራቸው?" አለች ቡና ሻጯ። ትልልቅ ነበራቸው አልኳት። ሥራው ግን ያው ነው፤ ሰልፍ፣ እጅ፣ ሰዓት።

አንዱ መምህር ደግሞ ማይክሮፊልሙን አነሳ። ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በሺህ የሚቆጠሩት በማይክሮፊልም ተነስተዋል፣ ቅጂያቸውም አሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል። ታዲያ ዋናው ቢጠፋ ምን ቸገረን የሚል ሰው አለ። ፊልሙ ቃሉን ይይዛል። በጅማት የተሰፋውን ገበታ፣ ኅዳጉ ላይ የወደቀውን የጧፍ ሰም፣ የመሬት ስጦታ የተጻፈበትን የመጨረሻ ቅጠል ቆዳ አይይዝም። ከመርጡለ ማርያም ገዳም እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ስንት እንዲህ ያለ መጽሐፍ በስንት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር እንዳለ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ጅራፉ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። ልጆቹ አዳራሹ በር ላይ ሆያ ሆዬ ጨፈሩልን፣ ከየቤታችን ያመጣነውን ሙልሙል ሰጠናቸው። እርጥበቱ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ 63 ገባ። 140 መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ ደርቀዋል።

ነሐሴ 15

ነገ ፍሪዘሩ ይመለሳል። ውስጡ ገና 51 መጻሕፍት አሉ። ሁለት ሆቴል ጠየቅን፣ አንዱ ቦታ የለኝም አለ፣ አንዱ አልወሰነም። በረዶው ከቀለጠ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፣ ሻጋታ የነካቸው ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ናቸው።

ነሐሴ 16፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት

ባለ ሥጋ ቤቱ ራሱ ደወለ። የሚስቱ እህት ጋ ያለውን ፍሪዘር ሌሊቱን በጋሪ አስጭኖ አምጥቷል። "ሥጋ ሰቅዬ መጽሐፍ ሲበላሽ አላይም" አለኝ። መጻሕፍቱን በአሥር ደቂቃ አዛወርናቸው፣ አንዱም አልቀለጠም።

ነሐሴ 21

አሸንዳው ተጠረገ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ ወደ ጣሪያው ያዘነበሉት ሁለት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፎች ተቆረጡ። የታችኛው መደርደሪያ አሁን ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ደብሩም የብረት ሣጥኑን አውጥቷል፤ አናጢያችን በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ 5 አዲስ መስቀያ ተከለ፣ ውሃ ከወረደበት ግድግዳ ራቅ አድርጎ።

ጳጉሜን 2

የኔታ ክሩን ዛሬ ፈቱት። አራቱም ቅጠሎች ቀጥ ብለዋል። አንዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተጎንብሷል፤ "ይህን ይዞ ይኖራል" አሉ። የታተመው ቀይ ጥላ አልለቀቀም፣ እንዲለቅም አንነካውም። ዲያቆኑ ቅጠሎቹን በቦታቸው ከቶ፣ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ማህደሩ ውስጥ አስገብቶ ሰቀለው። እኔ ከደጁ አየሁት።

ፍሪዘሩ ውስጥ 38 ቀርተዋል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የነጋሪት ጋዜጣውን የመጀመሪያ ሦስት ቅጾች እናወጣለን። ሶፍት አልቋል፤ የሚመጣ ሰው ሁለት ሁለት ጥቅል ይዞ ይምጣ።